ቅቤ ጠባቂው ካሜራ

«ሲስተም የለም» ሲባል ያልሰማ የወለጋ ሰው ያለ አይመስለኝም። ከጊምቢ ማዶ ቡናቸውን ሸጠው ገንዘባቸውን ሊያወጡ ሌሊት የተነሡ አዛውንት፣ ግማሽ ቀን ተሰልፈው መስኮቱ ዘንድ ሲደርሱ የሚነገራቸው ይኸው ነው። ሲስተምን በዓይናቸው አይተውት አያውቁም፤ ስለዚህ ስብሰባ የሚበዛበት፣ ወባ የሚይዘው፣ ለቅሶ የሚደርስ አንድ ሹም አድርገው ያስቡታል። «ከምሳ በኋላ ይገባ ይሆን ልጄ?» ይላሉ። ልጅቷም ሳትስቅ «ብቅ ብለው ይሞክሩ አባኮ» ትላቸዋለች።

እኔ እንጀራዬ ኬብል መጎተት ስለሆነ ሲስተም የት እንደሚያድር አውቃለሁ። በነጆና በመንዲ መሥመር፣ በሻምቡ በኩል፣ በደምቢ ዶሎ መንገድ፣ እዚሁ ነቀምቴም የገባሁባቸው ሰርቨር ክፍሎች ታሪካቸው አንድ ነው። ክፍሉ ድሮ የጽሕፈት መሣሪያ ማከማቻ ነበር። በ1990ዎቹ መጨረሻ የወረዳ ቢሮዎችን የሚያገናኘው ወረዳኔት ሲዘረጋ ጣራው ላይ የሳተላይት ሳህን ተተከለ፤ ከሥሩ ያለው ጠባብ ክፍልም ሳይታሰብ ማዕረግ አገኘ። ያለ ፈቃድ መግባት ክልክል መሆኑ በሩ ላይ በአፋን ኦሮሞ፣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ተጻፈ። ሦስቱንም ቋንቋ አቀላጥፈው የሚያነቡ ሰዎች ሲገቡበት አይቻለሁ።

ደግሞ አይፈረድባቸውም። በግቢው ውስጥ መብራት ሲሄድ ሶኬቱ የማይሞት፣ በየካቲት ፀሐይም ቀዝቃዛ አየር የሚነፍስበት ክፍል እሱ ብቻ ነው። ኤሲው የተገዛው ለማሽኑ ነው፤ ማሽኑ ብቻውን መቀዝቀዙን ግን ማንም አልወደደለትም። ስለዚህ ማሽኖቹ ከተደረደሩበት ራክ ጎን ስልክ ይሞላል። ከራኩ ኋላ የጽዳት ባልዲ፣ ያለፈው ዓመት የሰንደቅ ዓላማ ቀን ባነር፣ የማን እንደሆነ የማይታወቅ ጃንጥላ፣ አንድ እግሩ የጎደለ ወንበር ይኖራል። ዩፒኤሱ ላይ የምሳ ዕቃ ይቀመጣል፤ የባትሪው ሙቀት ወጡን እስከ ስድስት ሰዓት ለብ አድርጎ ያቆየዋል። ከኤሲው ሥር ደግሞ፣ በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ፣ ቅቤ።

የቅቤውን ነገር ማቃለል አይገባም። የወለጋ ቅቤ ስም ያለው ቅቤ ነው። ለመስቀል አንጮቴ ሲቀቀል ያለ እሱ አይሆንም፤ ቡና ቀላም ያለ እሱ ቡና ቀላ አይባልም። ከገጠር በአውቶቡስ ቅቤ የተላከለት ሠራተኛ እስከ ማታ ጠረጴዛው ሥር ቢያኖረው ቀልጦ ፔሮሉ ላይ ይፈስበታል። የቀዝቃዛ ክፍል ቁልፍ የያዘ ጓደኛ ካለው ምን አስጨነቀው?

እንዲህ ካሉት ክፍሎች ወደ አንዱ ነው እንቅስቃሴ ጠቋሚው የመጣው። የመሥሪያ ቤቱ ስም ይቆየን። ኃላፊው አንድ ሥልጠና ላይ «ፊዚካል ሴኩሪቲ» የሚል ስላይድ አይተው ተመለሱና ሰርቨሩ በጓጉንቸር ብቻ መጠበቁ እንቅልፍ ነሳቸው። ሦስት ፕሮፎርማ ተሰበሰበ፤ የሦስቱም የእጅ ጽሑፍ ዘመዳማቾች መሆናቸውን ማንም ጉዳዬ አላለውም። ዕቃው በሞዴል 19 ገባ፣ በሞዴል 22 ወጣ፣ እኔም መሰላል ላይ ቆሜ ማዕዘኑ ላይ ሰቀልኩት።

ጡጫ የምታክል ነጭ ፕላስቲክ ናት። ፒአይአር ይሏታል። ከራሷ ምንም ነገር አትረጭም፤ ዝም ብላ ሙቀት ታያለች። የሰው ገላ ለዓይን የማይታይ የኢንፍራሬድ ጨረር ያመነጫል፤ ጨረሩ የሚበረታው የሞገዱ ርዝመት ከ9 እስከ 10 ማይክሮ ሜትር አካባቢ ሲሆን ነው። ፊቷ ላይ ያለው ሌንስ ክፍሉን በብዙ ሽንሽን ይከፋፍለዋል። ሞቃት ነገር ከአንዱ ሽንሽን ወደ ሌላው ሲሻገር፣ ውስጧ ያሉት ሁለት ጥቃቅን የሙቀት ስሜት ያላቸው ቁራጮች የተለያየ ነገር ያያሉ፤ ልዩነቱ ኤሌክትሪክ ይሆንና ወደ ሳይረኑ ይሮጣል።

የጥበቃው ሽማግሌ በሩ ላይ ቆመው ስሰቅል ያዩኝ ነበር።

«ምን ትሠራለች?» አሉኝ።

«ሰው ሲንቀሳቀስ ታያለች አባኮ።»

«ማንን?»

«ማንንም።»

«ሌባ ከሆነስ?»

«ትጮኻለች።»

«ኃላፊው ከሆኑስ?»

«ትጮኻለች።»

ጥቂት አሰቡና «ይቺማ መች ጠበቀች፤ ትደነግጣለች እንጂ» አሉ።

ሽማግሌው ሙያቸውን ነው የተናገሩት። ያደጉት ዲዴሳ ሸለቆ ውስጥ በቆሎ ሲጠብቁ ነው። የባኮ ምርምር ማዕከል ቢኤች 660ን የመሰለ ዘር ያወጣል፣ ገበሬው ይዘራዋል፣ ማሳው ይዘናፈላል፤ እሸቱ ሲደርስ ግን ቀን ዝንጀሮና ጦጣ፣ ሌሊት የዱር አሳማ ድርሻውን ሊወስድ ይመጣል። ስለዚህ በእንጨት ላይ ማማ ይሠራና ወንጭፍ የያዘ ልጅ ይወጣበታል። እዚያ ላይ ያደረ ሰው፣ በቆሎውን ነፋስ ሲያወዛውዘውና አሳማ ሲያወዛውዘው በድቅድቅ ጨለማ ይለያል። ሁለቱም እንቅስቃሴ ነው፤ ድንጋይ የሚወረወረው ግን ለአንዱ ብቻ ነው። ጎረቤት ማሳውን አቋርጦ ቢያልፍ ደግሞ ከማማው የሚወርደው ሰላምታ ነው። የእኔዋ ፕላስቲክ በዚህ ትምህርት ቤት አላለፈችም።

ሰርቨር ክፍል ለእሷ ክፉ ቦታ መሆኑም አልታሰበም። መብራት ሄዶ ሲመጣ ኤሲው ከእንቅልፉ ይነሣል፣ የማሽኖቹ ማራገቢያዎች ባላቸው ኃይል ይነፍሳሉ፣ ሙቅ አየር በአንድ በኩል ቀዝቃዛ አየር በሌላ በኩል ይተላለፋል። እሷ ሰው ሮጠ ትላለች። በነቀምቴ መብራት እንዴት እንደሚመላለስ የሚያውቅ አንባቢ የሚሆነውን ራሱ ያስላው።

ስለዚህ ካሜራ ተጨመረ። በሊኑክስ ላይ የሚሠራ፣ ሞሽን የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፤ ብልሃቱ አያስቸግርም። አሁን ያነሣውን ምስል ከቀደመው ጋር ነጥብ በነጥብ ያስተያያል። የተለወጡት ነጥቦች ከወሰኑለት ቁጥር ካለፉ ፎቶውን ያስቀምጣል፤ ከፈለጉም የተንቀሳቀሰውን ነገር በአራት ማዕዘን መሥመር ይከብበዋል። ማንም ካልነካካው ቁጥሩ 1500 ነው። 320 በ240 የሆነ ምስል 76,800 ነጥብ ስላለው፣ ከመቶ ሁለት እጅ ያህሉ ሲለወጥ ይነቃል ማለት ነው። የራኩ ትንንሽ መብራቶች ሌት ተቀን ሲጣቀሱ እንዳያሳስቱት ጥቁር ጭምብል ይሠራላቸዋል። መብረቅ በመስኮት ሲገባ ምስሉ በሙሉ ባንድ ጊዜ ስለሚለወጥ፣ እንዲህ ያለውን ድንገተኛ ብርሃን ቸል የሚያሰኝ ማስተካከያም አለው። ይህን የጻፈው ሰው ክረምቱን ወለጋ አሳልፎ መሆን አለበት።

የዌብካም ነገር ከተነሣ፣ አያቱ የተወለደው ሌባ ለመያዝ ሳይሆን ለቡና ነው። በፈረንጆች 1991 የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ላቦራቶሪ ሰዎች፣ ማፍያው ድረስ ሄደው ባዶውን እያገኙት ቢመረሩ፣ ካሜራ አነጣጠሩበት። በ1993 ምስሉ ኢንተርኔት ላይ ወጣና የዓለም ሕዝብ የሰው አገር ቡና መኖር አለመኖሩን ይከታተል ጀመር። በ2001 ካሜራው ሲዘጋ ማፍያው በጨረታ 3,350 ፓውንድ አወጣ። ይህን ለሽማግሌው ባወራላቸው ያሳዘኗቸው ሰዎቹ ናቸው። «ቡና ሲፈላ ጠራ የሚያደርጋቸው ጎረቤት የላቸውም?» አሉ።

ወደ ካሜራችን ልመለስ። ያነሣቸውን ፎቶዎች ከፍቼ ሳይ መሥሪያ ቤቱ በሙሉ እዚያ ነው። ገንዘብ ያዧ ስልኳን ይዛ ስትገባ፤ የግዢው ባልደረባ በራኩ መስታወት ፊት ከረባቱን ሲያስተካክል፤ የጽዳት ሠራተኛዋ ባልዲዋን ፍለጋ ስታማርር። ቢሮ ውስጥ ተኳርፈዋል የምንላቸው ሁለት ሰዎች ደግሞ እዚያ ሲገናኙ ኩርፊያው አይታይባቸውም፤ ይህን ፎቶ አጠፋሁት፣ ወደፊትም አጠፋዋለሁ።

ከሁሉ ያስደነቀኝ ሾፌሩ ነው። ከምሳ በኋላ ራኩ ኋላ ካርቶን አንጥፎ ይተኛል። ሲገባ አንድ ፎቶ አለ፣ ሲነሣ አንድ ፎቶ አለ፤ በመካከሉ ያለው የመንግሥት ሰዓት ግን ባዶ ነው። ለሴንሰሯም ሆነ ለካሜራው የማይንቀሳቀስ ሰው የለም። አንደኛዋ የምታየው የሙቀት መሻገርን፣ ሌላው የሚያየው የነጥብ መለወጥን ነው፤ ሾፌሩ ሁለቱንም አያደርግም። በዚያ መሥሪያ ቤት ከጠቋሚ የማምለጫው መንገድ ምንም አለመሥራት መሆኑን ማንም ሳይነግረው ደርሶበታል።

ፎቶዎቹ በጠቅላላ ስብሰባ በፕሮጀክተር ይታዩ ያሉት ኃላፊው ነበሩ። ሳቁ ደመቅ ብሎ ነበር። ሦስተኛው ፎቶ ላይ እሳቸው ራሳቸው፣ የኮባ ጥቅል ታቅፈው፣ በአራት ማዕዘን መሥመር ተከበው ብቅ ሲሉ አጀንዳው ወደ «ልዩ ልዩ» ተሸጋገረ። ከሕግ ክፍል አንዱ፣ ያለ ፈቃድ ኮምፒውተር ሥርዓት ውስጥ መግባት በአዋጅ ቁጥር 958/2008 ወንጀል መሆኑን ሊያስረዳ ተነሥቶ ነበር፤ አዋጁ ቅቤ ስለማስገባት ዝም ማለቱን ሲያስታውስ ተቀመጠ።

መስቀል ሲቃረብ ቅቤው በዛ። ቅቤ በዝቶ አይጥ አይቀርም። መስከረም 14 ሌሊት አንዱ አይጥ የኤሲውን ቧንቧ ተከትሎ ወርዶ ካሜራው ፊት ቆመ። ሩቅ ያለ አይጥ 1500 ነጥብ አይሞላም፤ ሌንሱ ላይ አፍንጫውን የደገፈ አይጥ ግን ግማሹን ክፍል ይሸፍናል። ካሜራው ፎቶ አነሣ፣ ሳይረኑም ጮኸ።

ሽማግሌው ዱላቸውን ይዘው በሩ ጋ ደረሱና «ኤኙ?» ብለው ጠየቁ። ማንነቱን የሚናገር የለም። ደግመው ጠየቁ፤ ለእሳቸው ሥራ ማለት ይህ ነው፤ ጠይቆ፣ ድምፁን ሰምቶ፣ የማን ልጅ መሆኑን ማወቅ። እንዳይገቡ ቁልፉ አዳማ ነው። ቁልፉ የአይሲቲ ባለሙያው ኪስ ውስጥ ነው፣ ባለሙያው ሥልጠና ሄዷል። ነቀምቴ ከአዲስ አበባ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፣ አዳማ ደግሞ ከአዲስ አበባም ወዲያ ነው።

በእኛ ከተማ ሌሊት ጩኸት ከተሰማ ሰው ይወጣል። ጋቢውን የደረበ፣ ባትሪ ያበራ፣ ዱላ ያነሣ፣ ባዶ እግሩን የሮጠ ግቢውን ሞላው። «የት ሄደ?» ይባላል፤ «ውስጥ ነው» ይባላል፤ «ስንት ናቸው?» ይባላል። በመስኮቱ ቀዳዳ ያየ አንድ ጎረምሳ የራኩን መብራቶች ቆጥሮ ብዙ ዓይኖች አሉ አለ። በመጨረሻ ሽማግሌው ቆጣሪው ዘንድ ሄደው ዋናውን ማብሪያ ማጥፊያ አወረዱት። ሳይረኑ የራሱ 12 ቮልት ባትሪ ስላለው ግድ አልሰጠውም። ዩፒኤሱ ጥቂት ታግሦ ተኛ፤ እሱን ተከትሎ ሰርቨሩ ተኛ። ጎህ ሲቀድ የባትሪው ጉልበት አልቆ ሳይረኑ ሲሰልል፣ አንዲት የግቢው ጎረቤት ቡና አፍልተው ሰዉ ክብ ሠርቶ ተቀምጦ ነበር። እንዲህ በሰው ብዛት ተጠብቆ ያደረው ሰርቨር ጠዋት ባለጉዳይ ሲመጣ አልነበረም። ያው የተለመደው ቃል ተነገረ።

አምስት አባላት ያሉት ኮሚቴ ተቋቋመ፤ እኔ ለቴክኒክ ማብራሪያ ተጠራሁ። ማስረጃው ሦስት ነው። የሽማግሌው ደብተር «መስከረም 14፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት፣ ማሽኑ ጮኸ፣ ማን ነህ አልኩ፣ ስሙን አልሰጠም» ይላል። የካሜራው ፎቶ ጥግ ላይ ሴፕቴምበር 25፣ 2፡00 ተጽፏል። ሰዓቱን በዓለም አቀፉ ዩቲሲ የሚቆጥረው ሰርቨር ሴፕቴምበር 24፣ 23፡00 ብሎ መዝግቧል። ሦስቱም ትክክል ናቸው፤ ሦስቱም የሚናገሩት ስለ አንዲት ደቂቃ ነው። ኮሚቴው ግን አንዱን ለሌሊት ሰጠ፤ አንዱን ጠዋት 2 ሰዓት፣ ሠራተኛ ሲገባ፣ የደረሰ አደረገው፤ ሃያ ሦስተኛውን ሰዓት በየትኛውም ቀን ውስጥ ሊያገኘው ስላልቻለ «የሚጣራ» አለው። ቃለ ጉባኤው ላይ «ሦስት ተደጋጋሚ ሙከራዎች» ተባለ። ለማስረዳት እጄን ሳነሣ ሰብሳቢው በትሕትና አቋረጡኝ። «ሰዓቱ የቴክኒክ ጉዳይ ነው» አሉ፤ «እኛ የምናየው የደህንነቱን ነው።»

ቀጥሎ «ለምን ወዲያው አልተነገረንም?» ተባለ። ካሜራው ፎቶውን በኢሜይል ልኮ ነበር። ኢሜይሉ የሚወጣው ግን በዚያው በሚጠበቀው ሰርቨር ነው፤ ኔትወርክ በሌለ ጊዜ ወረፋ ይይዛል። የተለመዱት የፖስታ ፕሮግራሞች እስከ 5 ቀን ድረስ እየሞከሩ ይቆያሉ፤ ካልሆነላቸው «አልደረሰም» ብለው ለላኪው ይመልሱለታል። ላኪው ራሱ ሰርቨሩ ነው። እንግዲህ ቢሰረቅ ኖሮ በአምስተኛው ቀን መርዶውን የሚሰማው እሱው በሆነ ነበር። 5 ቀን የበዛበት ሰው በ2012 ዓ.ም. ከገና ሰሞን እስከ መጋቢት 22 ወለጋ ውስጥ ኢንተርኔት፣ በብዙ ቦታም ስልክ ጭምር፣ የተቋረጠበትን ጊዜ ያስታውስ። ያ ሰሞን ለሰው ቀልድ አልነበረም፤ ሰው የታመመ ዘመዱን ድምፅ የማይሰማበት ሰሞን ነበር። ሰርቨሮቹ ግን ያኔም በጓጉንቸር ተቆልፈው በደንብ ይጠበቁ ነበር፤ ወደ እነሱ የሚመጣም ከእነሱ የሚወጣም ባይኖርም።

እኔን ብትጠይቁኝ በእነዚህ ከተሞች ሰርቨር ክፍል የሚሰብር ሌባ ዳታ ፍለጋ አይመጣም። የባለጉዳይ መዝገብ ቅዳሜ ገበያ ላይ ዘርግቶ አይሸጠውም። ዓይኑ የዩፒኤሱ ባትሪ ላይ ነው፤ ባትሪ ቴሌቪዥን ያሠራል፣ አምፖል ያበራል፣ ገዢ አያጣም። ከሌባው በፊት ደግሞ ሙቀት አለ፣ የሚያፈስ ጣራ አለ፣ መብረቅ አለ፣ አይጥ አለ። ለሌባው በሩ ላይ የሚለጠፍ ማግኔት ይበቃዋል፤ ግማሹ በመቃኑ፣ ግማሹ በመዝጊያው ላይ ይሆናል፣ በሩ ሲከፈት ሁለቱ ሲለያዩ ደወሉ ይነሣል። ሙቅ አየር አያታልለውም፣ መብረቅ አያስደነግጠውም፣ አይጥም በር ከፍቶ አይገባም። ለሙቀቱ አንድ የሙቀት መለኪያ፣ ለአይጡ ቅቤውን ማውጣት። ይህን አቀረብኩ። አንዱ አባል ዋጋውን ጠየቀኝና ስነግረው ፊቱ ቀዘቀዘ፤ ዋጋው ለሦስት ፕሮፎርማ የሚበቃ አልነበረም።

ውሳኔው ሰፊ ነው። ሴንሰሯ እስኪጣራ ትቆይ ተባለ፤ ከመቆየቷ በፊት ፊቷ ላይ ፕላስተር ተለጥፎባት ተገኘ። ማን እንደለጠፈው አይታወቅም፣ መብራት ስላልነበረ ካሜራውም አላየም። ቅቤው ከክፍሉ ይውጣ ተባለ፤ ለዚሁም ለኃላፊው ቢሮ ፍሪጅ እንዲገዛ ተወሰነ። የሳይረኑ ጉዳይ ለአካባቢው ነዋሪ ምክር ተሰጥቶ ታለፈ፤ ነዋሪው ግን ምክሩን ሳይጠብቅ ከዚያ ወዲህ ሲጮኽ መውጣቱን ትቶታል፣ «አይጡ መጣ» ብሎ ይገላበጣል።

ዋናው ቁልፉ ነው። አንድ ቁልፍ አደጋ መሆኑ ታመነበትና በሦስት ኮፒ ይባዛ ተባለ፤ አንዱ ለአይሲቲ፣ አንዱ ለንብረት ክፍል፣ አንዱ ለአስተዳደር። ሽማግሌው ከበሩ ሆነው ይሰሙ ነበርና ባርኔጣቸውን አውልቀው ገቡ። «አንዱን ለእኔ ብትሰጡኝስ? ሌሊት እዚህ ያለሁት እኔ ነኝ» አሉ። ሰብሳቢው ጥያቄው ተገቢ መሆኑን ገልጸው፣ ጥበቃ ወደ ሰርቨር ክፍል እንዲገባ ከተፈቀደላቸው ሰዎች ዝርዝር ውስጥ እንደሌለ አስረዷቸው።

ኅዳር ላይ ደብዳቤ መጣ። አዳማ ላይ ስለ መረጃ ደህንነት የአምስት ቀን ሥልጠና ተዘጋጅቷል፣ መሥሪያ ቤቱ ጉዳዩ በቀጥታ የሚመለከታቸውን ሦስት ሠራተኞች ይላክ ይላል። ማን ይሂድ የሚለው አላከራከረም። ሦስቱም ማክሰኞ ጠዋት በመሥሪያ ቤቱ መኪና ወጡ፤ እንዳይጠፋ እየተባሉ የተረከቡትን ቁልፍም እያንዳንዳቸው ይዘው ሄዱ።